በሰው ሆድ ደፋር

ዶክተር ፈንታው ሞተ ብለው ሲደውሉልኝ ከአፌ ያመለጠው የመጀመሪያ ቃል «ማን ቀደደው?» የሚል ነበር። ደዋዩ የክሊኒካችን የቀድሞ ዘበኛ ነው። ደንግጦ «ኧረ ሲስተር፣ ልቡ ነው አሉ። ደሴ ላይ፣ ቁጭ ባለበት» አለኝ። ልቡ! አብረነው የሠራን ሰዎች ልብ እንዳለው ለማወቅ ስንት ዘመን ፈጅቶብናል፤ ሞት ግን ሳይቸገር አገኘው።

ለቅሶው ወልድያ እናቱ ቤት ነበርና ሄድኩ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የፈንታው አንገት ግን ከድንኳኑ ምሰሶ አልፎ ወጣ። አንዱ «ትሑት ነበር» አለ። አፌ ውስጥ የነበረው ንፍሮ ትን ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ሌላው «ጉራ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር» ብሎ ጨመረበት፤ በሥልጠና ላይ ከሱ ጎን ተቀምጦ ጉራውን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚለው። እንዲህ ያለ ሰው እኔ አላውቅም። ያን ሰው ከቀበሩት ሌላ ሰው ቀብረዋል ማለት ነው፤ የኔን ፈንታው እኔው ልናገርለት።

አስካለ እባላለሁ። ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነው፤ እሱ የሚቀድደውን ሰው የማስተኛው እኔ ነበርኩ። ክሊኒኩ መርሳ ከገበያው በታች ነው፤ የራሱ የፈንታው ነበር። አንድ የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ጥቂት አልጋዎችና አንዲት የኒም ዛፍ ነበሩት። ከዛፏ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ የበሽተኛ ቤተሰብ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ፈንታው አጭርና ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ነበር። ነጭ ጫማ ያደርጋል፤ በዚያ ሁሉ የመርሳ ጭቃ! ሲያወራ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ያፋትጋል፤ የቢላ ስለት የሚፈትሽ ይመስላል። በሽተኛው አፉን ሳይከፍት እሱ ሆዱን ለመክፈት ይቸኩላል።

የሚወደው አባባል ነበረው፤ «አንቲባዮቲክ ማለት በሽታን ማባበል ነው። እኔ ደግሞ ማባበል አላውቅበትም» ይላል። ሚስቱ ጥላው ደሴ የገባችው በዚሁ ይሆን እያልን በሌለበት እንስቅ ነበር። ትርፍ አንጀት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ያቺ ጣት የማታህል ነገር ከሌላው የሰው አካል ሁሉ ተለይታ የግል ጠላቱ ነበረች።

እጁን አልነቅፍም። ፈጣንና ንጹሕ እጅ ነበረው፤ የሱ ቁስል እምብዛም አያመረቅዝም። የምነቅፈው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚመጣውን ትርኢት ነው። በአገራችን የታመመ ሰው ቤተሰብ የወጣውን ነገር ካላየ ወጥቷል ብሎ አያምንም። ይህን ፈንታው ያውቃል። ስለዚህ ገና ስፌቱ ሳያልቅ ያቺን ትርፍ አንጀት በብረት ሳህን አድርጎ፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ወደ ኒሟ ዛፍ ይወጣል። «ይኸውላችሁ ሌባው! ያዝኩት!» ይላል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ይላሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ የተኛውን ሰው እጠብቃለሁ።

አንዳንዷ ቀልታና አብጣ ልትፈነዳ የደረሰች ነበረች፤ እሷን ማውጣት እውነትም ሰው ማዳን ነው። አንዳንዷ ግን ነጭ፣ ቀጭን፣ ምንም ያላደረገች ምስኪን ነበረች። ቤተሰብ ልዩነቱን በምን ያውቃል? አንድ ቀን «ፈንታው፣ ይህቺ እኮ ጤነኛ ናት» አልኩት።

«ጤነኛ የሆነችው በጊዜ ስለደረስኩባት ነው» አለኝ፤ ሳህኑንም ይዞ ወጣ።

ሁሴንን የቀደደው በዚያ በደጉ ዘመን ነው። ሁሴን ግራና የሚባለው አገር አርሶ አደር ነው፤ አጎቱ ሼህ ይማም አስከትለውት መጡ። ልጁ አልጋ ላይ ተኝቶ ሆዱን እንደያዘ «ዶክተር፣ መድኃኒት የለውም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ፈንታው ጣቶቹን አፋተገና «መድኃኒቱ ይኸው» አለው። ወዲያው ወደኔ ዞሮ «አስተኚው» አለኝ። ከዚያ ሳህኑ ወጣ፣ ሼህ ይማም «ሱብሃነላህ! ይቺ ናት ወንድ ልጅን እንዲህ የምታንከባልል?» አሉ፤ ዱዓም ተደረገለት። ሁሴን ድኖ ሄደ። ማንም ያማረረ አልነበረም።

ጦርነቱ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ወልድያ ላይ ሥልጠና ተጠራን። በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አርቲፊሻል አበባ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የስብሰባ አርበኞች። አንዲት ወጣት ሐኪም ተነሥታ ስለ ትርፍ አንጀት ተናገረች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። አዋቂ ሰው ሆኖ፣ ትርፍ አንጀቱ ካልፈነዳ፣ መግል ካልቋጠረ፣ ውስጡም በድንጋይ ካልተደፈነ በአንቲባዮቲክ ብቻ ሊድን ይችላል አለች። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ከቢላ ይተርፋል። ከተረፉት መሃል ግን ጥቂት የማይባሉት በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ሕመሙ ይመለስባቸዋል፤ ያኔ ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ኦፕራሲዮን ደግሞ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ቢሆንም የራሱ ጣጣ አለው። «ስለዚህ ሁለቱንም ነግረነው በሽተኛው ይምረጥ» ብላ ጨረሰች።

ፈንታው ድምፅ ማጉያ እንኳ አልጠበቀም፤ ተነሣ። «የኔ እህት፣ ቤት ውስጥ የገባ ሌባ ተይዞ በምክር ይለቀቃል?»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። እሱ ደግሞ ሳቁን እየተቀበለ ግራና ቀኝ ዞረ። ልጅቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና «እንደ ሌባው ነው፣ ዶክተር። ደግሞስ ቤቱ የእርስዎ አይደለም» አለችው። ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሰብሳቢው ምሳ ደርሷል አለና ሁሉም ወደ ምግቡ ተሽቀዳደመ፤ ፈንታው ሁሉንም ቀድሞ ነበር።

ክረምቱ ላይ ጦርነቱ ወደኛ ወረደ። ወልድያ ተያዘች፤ ቀጥሎ መርሳ። ሥልጠና ላይ ፊት ወንበር የሚይዙት ሁሉ፣ መንገድ ሲሆን ደግሞ እግራቸው ይፈጥናልና፣ ቀድመው ደሴ ገብተዋል። እኔ እናቴ ጉልበቷ ስለማይንቀሳቀስ ቀረሁ። ፈንታው ለምን እንደቀረ ስጠይቀው «እኔ ከሄድኩ ማን ይቀድዳል?» አለኝ። አልሳቅሁም፤ ጊዜው አልነበረም።

ታጣቂዎቹ ክሊኒኩን ገለበጡት። ጄኔሬተሩን ጫኑ፣ የኦክስጅኑን ማሽን ጫኑ፣ አልትራሳውንዱን ከነገመዱ፣ ፍራሹን ከነአንሶላው ጫኑ። የኦፕራሲዮኑን መብራት ከጣሪያው ነቀሉት፤ መሬት ላይ ሲጥሉት ተሰበረ፣ ስባሪውንም ይዘውት ሄዱ። የምን ጀግንነት እንደሆነ የገባው ካለ ይንገረኝ። አልጋው ከመሬት ጋር የታሰረ ስለሆነ አልነቀል ብሎ ተረፈ። እኔ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ካርቶን የአንቲባዮቲክ መርፌ፣ ጉሉኮስና ትንሽ ማደንዘዣ በእናቴ ጎታ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር ቀብሬ ነበር። ከዚያ ሁሉ መድኃኒት ለመርሳ የተረፈላት እሱ ብቻ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መንገዱ ወደ ደሴም ወደ ወልድያም ተዘግቷል።

አንድ ማለዳ ፈንታው ጎብጦ ቤታችን መጣ። ቀኝ ጎኑን በእጁ ይዟል፤ ነጭ ጫማው ተፈትቷል። ገና ከደጃፉ «ጃርዲያ ነው» አለ። ማንም አልጠየቀው!

እናቴ አየችውና «ኧረ ልጄ፣ ጃርዲያስ እንዲህ አያጎብጥም» አለችው።

መደቡ ላይ አስተኝቼ ከእምብርቱ ወደ ቀኝ ዝቅ ብዬ በሁለት ጣቴ ተጫንኩት። የጮኸውን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶ ደግሞ ማን ተመታ ብሎ ወጣ። ከዚያ እየቆራረጠ ነገረኝ። ላቡ ይወርዳል። ትናንት እምብርቱ ዙሪያ ጀመረው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ወረደ፤ ምግብ ዘጋው። ሌላ ሰው ይህን ቢነግረው ኖሮ ፈንታው እስካሁን እጁን ታጥቦ ነበር።

«ቀዳጅ ከየት እናምጣ?» አልኩት።

«ማንም የለም» አለ።

ይህን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ሐዘን አልነበረበትም። እፎይታ ነበረበት! የስንቱን ሆድ በችኮላ የከፈተ ሰው፣ የራሱን የሚከፍት በመጥፋቱ እግዜርን ያመሰግን ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄው ነው፤ በዚያች ሰዓት ናቅሁት።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ አስገረመኝ። ዓይኑን ጨፍኖ የትኞቹን ሁለት መድኃኒቶች እንደምሰጠው፣ መጠናቸውን፣ በየስንት ሰዓቱ እንደምወጋው ነገረኝ። ትኩሳቱ ቢጨምር፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ቢደርቅ ነገሩ እንደከፋ ተናገረ። አንዲት ቃል ሳይስት ያቺ ልጅ ወልድያ ላይ ያለችውን ነበር የሚደግመው። ለካስ ሲያላግጥባት እየሰማት ኖሯል።

ጉሉኮሱን ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልኩ፤ መርፌውን ጀመርኩ። የመርፌ ነገርማ አይነሣ! «ቀስ በይ እንጂ አስኩ!» ይላል። እናቴ ከወዲያ ሆና «ወንድ ልጅ ለመርፌ እንዲህ ይሆናል እንዴ?» ትለዋለች። ሲብስበት እጄን ይዞ «እሞት ይሆን?» አለኝ። «ክፉ ሰው ቶሎ አይሞትም» አልኩት፤ ያጽናናው ይመስለኛል። ቀናት አለፉ፤ ትኩሳቱ በረደ፤ ሕመሙም ለቀቀው። አንድ ጠዋት ቀና ብሎ «ሽሮ የለም?» ሲል መዳኑን አወቅን።

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። በማግስቱ ነጭ ጫማውን አስሮ ገበያ ወጣና «ጃርዲያ ጥሎኝ ነበር» እያለ አወራ። ይህን ለኔም ደገመልኝ። መርፌውን የወጋሁት እኔ! «ምርመራ ባይኖርም ምልክቱ የጃርዲያ ነበር» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሰይድን ይዘውት መጡ። ሰይድ የሁሴን ታናሽ ወንድም ነው፤ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ደንዳና አርሶ አደር። ከግራና ድረስ በቃሬዛ ተሸክመውት ነው የደረሱት። ከፊት ሼህ ይማም አሉ፤ ከኋላ ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ ሁሴን ነው። ፈንታው በተዘረፈው ክሊኒክ ግቢ ወንበር አውጥቶ፣ ነጭ ጋወኑን ለብሶ፣ ቁስል እያጠበ ይውል ነበር። የሰፈሩም ሰው ወሬ ለመስማት እዚያው ይሰበሰባል።

ሰይድን መረመረው፤ እኔም አየሁት። ሕመሙ ከትናንት የጀመረ ነው። ቀኝ ጎኑ ሲነካ ያመዋል፤ ሌላው ሆዱ ግን ለስላሳ ነው። ትኩሳቱ ቀላል ነው፤ ይናገራል፣ ውሃ ይጠጣል። የፈነዳ አይመስልም። ድንጋይ ይኑረው አይኑረው የምናይበት መሣሪያ የለንም፤ ያለን እጅና ዓይን ብቻ ነው።

ፈንታው ወደ ባዶው የኦፕራሲዮን ክፍል ጎተተኝና «ውሃ አፍይ። ማደንዘዣዋን አምጪ» አለኝ።

«በምን ብርሃን?»

«በፀሐይ። በሩን እንከፍተዋለን።»

«ኦክስጅን የለም። ደምና ምራቅ መምጠጫ የለም። መሣሪያ የምንቀቅልበት አንድ ድስት ነው ያለን። እንቅልፍ ላይ እያለ ትንፋሹ ቢቆም በምን ልመልሰው?»

«ወጣት ነው፤ አይቆምም።»

«ፈንታው፣ አንተ በምን ዳንክ?»

«ጃርዲያ ነበር አልኩሽ እኮ!»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያ ለምን እንደምትቀደው ንገረኝ። ለሱ ነው ወይስ ለራስህ?» አልኩት።

ጣቶቹን ማፋተግ ጀመረና ተወው። «ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ባዶ ሳህን ይዤ ልውጣ?» አለ። እውነቱ ይቺ ነበረች። የሁለት ልጆች አባት ሕይወት፣ ከዛፍ ሥር በሚወጣ ሳህን!

«ማደንዘዣው ያለው በኔ እጅ ነው። አልሰጥም» አልኩት። ሰደበኝ። እኔም አልቀረሁበትም። መጨረሻ ላይ በሩን በርግዶ ወጣና ቤተሰቡ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ጠርጎ «አሁን አይቀደድም። በመርፌ እናክመዋለን» አለ፤ ድምፁ ግን ራሱ የሚያምንበት አይመስልም ነበር።

ሼህ ይማም የሙስባሃቸውን ዶቃ ቆጠር ቆጠር አደረጉ። «ዶክተር፣ መርፌማ ግራናም አልጠፋ። እኛ ይህን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት የተሸከምነው አንተ እንድታወጣልን ነው። የሁሴንን አውጥተህ በዓይናችን አሳይተኸናል። ያልወጣ በሽታ ዳነ ይባላል እንዴ?»

«ሼሁ፣ አሁን ዕቃ የለኝም።»

«እንግዲያ ቢላ ያለበት እናደርሰዋለን። በተራራው አቋርጠን ደሴ እንገባለን፣ ኢንሻአላህ።»

ተራራው ላይ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠዋል። ከዚያ በፊት በሽተኛ ይዘው የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፤ አልተመለሱም። ይህን ሼህ ይማምም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ያላዩትን ከማመን ጥይቱ ይሻላቸዋል። ሰይድ ራሱ «ያድርሱኝ» አለ፤ እያቃሰተ። ሁሴንና ሌሎቹ ቃሬዛውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

ፈንታው ወደኔ አየ። ምን እላለሁ? ምስክር የሚሆን ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለከተማው ሁሉ ጃርዲያ ብሏል።

ያን ጊዜ ጋወኑን ከፈተ። ሸሚዙን ከሱሪው ውስጥ መዘዘና እስከ ደረቱ ገለጠው። ያ ገፋ ያለ ሆዱ ግቢ ሙሉ ሰው ፊት ወጣ።

«ሼህ ይማም፣ ይቅረቡና ይዩት» አለ። «የኔም ትርፍ አንጀት ታሞ ነበር። ልክ እንደሰይድ። በሲስተር እናት መደብ ላይ ተኝቼ፣ በመርፌ ነው የዳንኩት። ጠባሳ ካገኙብኝ ልጁን ይዘው ይሂዱ።»

ከሰዎቹ መሃል አንዲት ሴት «ጃርዲያ ነው አላልክም እንዴ?» አለች።

«ዋሽቼ ነው» አለ።

ሼህ ይማም ሙስባሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ጠጋ ብለው አዩ። ጣታቸውንም አስቀምጠው ተጫኑት፤ ጠንከር አድርገው ነው የተጫኑት፣ ፈንታው ግን ቃል አልተነፈሰም። «ወዲያኛውንስ?» አሉት። ግራውንም አሳየ። ሁሴን ቃሬዛውን ትቶ መጣና እሱም ቀሚሱን ገለጠ፤ ሼሁ የሱን ጠባሳና ጠባሳ የሌለውን የዶክተሩን ሆድ ጎን ለጎን አስተያዩ። የሚያስቅ ነገር ነበር፣ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሼሁ። «አውርዱት። ልጁ እዚህ ይተኛ።»

ፈንታው ሸሚዙን ሊያወርድ ሲል ግን ሽማግሌው እጁን ያዙት። «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ነገር በመርፌ የሚድን ከሆነ፣ ሁሴንን ለምን ቀደድከው?»

ስንት መልስ ነበረው! ማምለጥ ቢፈልግ እኔ ራሴ አንድ ሦስቱን እሰጠው ነበር። ሸሚዙን እንደገለጠ ቆመ። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«መቅደዴ ጥፋት አይደለም። ያኔ መብራቱም ዕቃውም ነበረኝ። ቢላም ያድናል፣ መርፌም ያድናል። በመርፌ የዳነ ደግሞ ተመልሶ ሊያመው ይችላል፤ የሰይድም ሊመለስ ይችላል፣ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሁሴን ግን መድኃኒት የለውም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አለው አላልኩትም። ጥፋቴ እሱ ነው።»

ሁሴን ቀሚሱን አወረደ። «ብትነግረኝም እኮ ቅደደኝ እልህ ነበር፣ ምናልባት» አለ።

«ምናልባት» አለ ፈንታው። «እንዴት እናውቃለን? አልጠየቅሁህማ።»

ሰይድ ተኛ። ፈንታው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ከአጠገቡ አልነቃነቅ አለ። በየጊዜው ሆዱን ይነካል፣ ግንባሩን ይነካል፣ ይጠይቀዋል። የእናቴ ጎታ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ለሱ በቃ። ቀስ በቀስ ሕመሙ ቀነሰ፤ ገንፎ ጠየቀ፤ በመጨረሻም በገዛ እግሩ ግራና ገባ። ሚስቱ ዶሮ ይዛ መጣች፤ እሱን የበላነው እኔና እናቴ ነን።

ታዲያ ፈንታው ተለወጠ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሳምንት ሳይሞላው ገበያ ላይ ቆሞ «በሐብሩ ወረዳ ትርፍ አንጀትን በአንቲባዮቲክ ማከም የጀመርኩ እኔ ነኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ያቺን ወጣት ሐኪም አንድም ቀን ስሟን አላነሣም። ከተማው ተለቆ፣ የሸሹት ሁሉ ደሴ ላይ ያሳለፉትን መከራ ሊያወሩልን ሲመለሱ፣ እሱም ከነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ሆዱን የገለጠበትን ቀን ያወራ ነበር። በሱ አተራረክ ላይ እኔ የለሁም። ጃርዲያም የለም።

ክሊኒኩ በእርዳታ ዕቃ እንደገና ተከፈተ። መብራት መጣ፣ ኦክስጅን መጣ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር ሰው መቀመጥ ጀመረ። ጊዜው የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ሰይድ በባጃጅ መጣ፤ ያው ቀኝ ጎኑን ይዟል። ፈንታው በአዲሱ አልትራሳውንድ አየውና መመለሱን አረጋገጠ። እኔ ሳልታዘዝ ማደንዘዣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ያ ሁሉ ወር የተራበ ቢላ እንዴት ያለ ድግስ አገኘ እያልኩ። ፈንታው ግን ወንበር ስቦ ከአልጋው ጎን ተቀመጠ።

«ሰይድ፣ ተመልሷል» አለው። «አልፈነዳም። እንደ በፊቱ በመርፌ ልንሞክረው እንችላለን፤ ሊተውህ ይችላል፣ ደግሞም ሌላ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ካልሆነ አወጣዋለሁ፣ በዚያው ያልቃል፤ ግን ቁስል ነው፣ ማደንዘዣ ነው፣ ትንሽ ከሥራ ያቆይሃል። የትኛው ይሻልሃል?»

ዝም ብሎም ጠበቀ። ፈንታው በሽተኛ ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ጣቱን እንኳ አላፋተገም።

ሰይድ አሰበ አሰበና «አንተ ብትሆንስ ዶክተር?» አለው።

«እኔን አትይ» አለ ፈንታው። «እኔ ቢላ እፈራለሁ።»

ሰይድ ሆዱን እንደያዘ ሳቀ፤ ሳቁ አሳመመው። «እንግዲያ አውጣልኝ» አለ። «ዛሬ ወንድሜ ያጭድልኝ። ሌላ ዓመት ደግሞ ልመላለስ አልችልም።»

አልጋው ላይ ሲወጣ ግን ያ ደንዳና ሰው ፈራ። መብራቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ በሩን ያያል። ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል። ፈንታው እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ወደ ላይ እንደያዘው ገባ። የታጠበ እጅ ምንም ነገር አይነካም፤ ይህን በሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው እሱ ነበር። ቀጥ ብሎ መጣና የሰይድን እጅ ያዘ። ማደንዘዣውን ሰጠሁት። ዓይኑ እስኪከደን፣ ጣቶቹ እስኪላሉ አልለቀቀውም።

ቀና ሲል እያየሁት ነበር።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«ሂድ ታጠብ» አልኩት።